ካርቶኑ ይቅርና ልጆቹ ቀና ይበሉ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ አገራችን ሳተላይቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደንበኛ ባልነበረበት ሰዓት ተረጋግቼ አነበብኩት። የመጀመሪያዋ ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና እንደመጠቀች፣ ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ እንደነበር፣ በዓመቱም ሌላዋ እንደተከተለቻት ጽፋችኋል። ጥሩ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ትምህርት ቤቶች የነገዎቹን የህዋ ሳይንቲስቶች ከታች ጀምረው ማፍራት አለባቸው ብላችሁ በአንዲት መስመር አለፋችሁት። እኔ ብዕር ያነሣሁት በዚያች መስመር ምክንያት ነው።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግራውንድ ላይ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ደብተር፣ ሲናርላይን፣ ኮላ፣ ስፒል እሸጣለሁ፤ ፎቶ ኮፒና ፕሪንትም አለ። መምህር አይደለሁም። ነገር ግን የሰፈሩ ልጆች ምን እንደታዘዙ ከወላጆቻቸው ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ፤ አሳይመንቱ ሁሉ በእኔ ማሽን ነው የሚያልፈው። ኮፒ የማደርገውንም አነባለሁ፤ ማሽኑ እስኪጨርስ ዝም ብሎ ከመቆም ይሻላል። ስለ ፈለክ የማውቃት ነገር የተጠራቀመችው እንደዚያ ነው። የቀረውን ልጆቹ ሲጠይቁኝ ላለማፈር ስል ፈልጌ ያገኘሁት ነው።

በየዓመቱ የፀሐይ ሥርዓት ትምህርት ሲደርስ ሱቄ ይሞላል። ትእዛዙ አንድ ዓይነት ነው። «እትዬ፣ ሶላር ሲስተም በከለር አውጪልኝ፤ ትልቅ ካርቶንና ኮላም ስጪኝ።» ልጁ ሥዕሎቹን ቆርጦ ይለጥፋል፣ ስማቸውን በማርከር ይጽፋል፣ ዳር ዳሩን በሚያብረቀርቅ ወረቀት ያስጌጥና ያስረክባል። አቅም ያለው ወላጅ ደግሞ በስታይሮፎም ኳስ ያሠራለታል። ካርቶኑ ክፍል ውስጥ ትንሽ ይሰቀልና ከዚያ የት እንደሚገባ እንጃ። ማርኩ ግን ተይዟል። አንዳንዱ ከመርካቶ የሚመጣ ቻርት እስከ ዛሬ ፕሉቶን ዘጠነኛ ፕላኔት ያደርጋታል። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ፕሉቶን ከፕላኔቶች ተራ ያወጣት በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ዛሬ ካርቶን የሚገዙኝ ልጆች አንዳቸውም አልተወለዱም። እኔ ከዚህ ሥራ እንጀራ እበላለሁ፤ የከለር ፕሪንት ደግሞ ከጥቁርና ነጩ የተሻለ ያስገኛል። እንዲያም ሆኖ ይቅር ነው የምለው።

ለምን ብትሉ፣ ካርቶን ሲለጥፍ የዋለው ልጅ ሰማዩን አያውቀውም። ማታ ከሱቁ በር ላይ ሆኜ «ያቺ ከሁሉ ቀድማ የወጣችው፣ አብልጣ የምታበራዋ ምንድን ናት?» ብዬ ስጠይቅ ኮከብ ናት ይሉኛል። ቬነስ ናት እኮ! ጠዋት በከለር አትሜ የሰጠኋቸው፣ ቆርጠው የለጠፏት ቬነስ። ወረቀቱ ላይ ብርቱካንማ ኳስ ስለሆነች፣ ሰማይ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ እሷው ናት ብሎ ማን ይንገራቸው?

ከዚህ የባሰም አለ። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ሥዕሏን ይዛ መጣች። የትምህርት ቤቷን ግቢ ሥላለች፤ ባንዲራው አለ፣ ፀሐይ አለች፣ በዚያው ሰማይ ላይ ደግሞ ገርጣ ያለች ግማሽ ጨረቃ አለች። መምህሩ ጨረቃዋ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ አድርጎባት፣ «ጨረቃ በቀን አትታይም» ብሎ ጽፎበታል። ልጅቷ ደግማ ልትሥል ወረቀት ፈልጋ ነው የመጣችው። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነበር። እጇን ይዤ ወደ ውጭ አወጣኋትና በምሥራቅ በኩል ከብሎኩ ጣሪያ፣ ከሮቶዎቹ በላይ አሳየኋት። ጨረቃዋ እንደ ሥዕሏ ገርጥታ አለች። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝና «አውቃለሁ እኮ፣ አይቻት ነው የሣልኳት» አለችኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። ጨረቃ መሬትን ስትዞር ለግማሹ ወር የሚያህል ጊዜ ከፀሐይ ጋር በአንድ ሰማይ ላይ ትገኛለች። እየሞላች ስትሄድ ግማሽ የሆነችዋ ጨረቃ ቀትር ላይ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ትታያለች፤ እየጎደለች ስትሄድ ደግሞ ጠዋት ተማሪዎች ሰልፍ ላይ ሲቆሙ ምዕራብ በኩል አለች። ሌሊቱን ብቻ የምትይዘው ሙሉ ስትሆን ነው። መምህሩን አልወቅሰውም፤ እሱም የተማረው ከካርቶን ነው። የሚያበሳጨኝ ያየችውን የሣለች ልጅ ማርክ ተቀንሶባት፣ ሳያይ የለጠፈው መሸለሙ ነው።

የጨረቃዋ ቅርጽም እንዲሁ ነው። በመጽሐፉ ላይ ያለችው አዲስ ጨረቃ ቀጥ ብላ የቆመች፣ ጎኗ የጎበጠ ናት። እንደዚያ የምትታየው ከምድር ወገብ ርቀው ለሚኖሩት ነው። እኛ በ9 ዲግሪ ሰሜን ነው ያለነው፤ እዚህ ምዕራብ በኩል ፀሐይ እንደገባች የምትታየው ቀጭን ጨረቃ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባዋን ወደ ታች፣ ሁለት ቀንዷን ወደ ላይ አድርጋ የተንጋለለች ናት። ጾም ፍቺዋን ሲጠብቁ ሰማይ ሲያዩ ያደጉት የሙስሊም ጎረቤቶቼ ልጆች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ፈተና ላይ ግን መጽሐፉ እንዳለው ይሥላሉ።

የካርቶኑ ትልቁ ጥፋት ርቀት ነው። ስምንቱ ፕላኔቶች ፀሐይ አጠገብ ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው እያየ ያደገ ልጅ፣ ህዋ ማለት አብዛኛው ባዶ መሆኑን በምን ይወቀው? ይህን ለማሳየት አንድ ቅዳሜ የብሎካችንን ልጆች ሰብስቤ ወጣሁ። ፀሐይን የልጆቹ የእግር ኳስ አደረግናት፤ ደንበኛው ኳስ ስፋቱ 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ልክ ሲሰላ መሬት 2 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ከሱቄ አንድ ስፒል አወጣሁና ራሱን እያሳየሁ «መሬት ይህቺ ናት፤ ኤቨረስትም፣ ራስ ዳሸንም፣ እኛም እዚህች ላይ ነን» አልኳቸው። ሳቁብኝ። ኳሱን ሱቄ በር ላይ አስቀምጠን በረጅም እርምጃ ቆጠራ ጀመርን። ስፒሉን የያዘችው ልጅ 24 ሜትር ላይ ቆመች። ጨረቃ ከስፒሉ ራስ 6 ሳንቲ ሜትር ትርቃለች፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህል ነጥብ ናት። ከመሬት ሌላ የሰው እግር የረገጠው ያችኑ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1972 ድረስ 12 ሰዎች በላይዋ ተራምደዋል፤ ከዚያ ወዲህ ግን የረገጣት የለም። ይህን ስነግራቸው ከመካከላቸው አንዱ ሁለት ጣቱን በስፒሉ አጠገብ ዘርግቶ ለካና «ይቺን ብቻ?» አለ።

ቀጠልን። ማርስ የጤፍ ፍሬ አክላ 36 ሜትር ላይ፤ ጁፒተር ትልቅ ብይ አክሎ 123 ሜትር ላይ። ጁፒተርን የያዘው ትንሹ ልጅ ቆሞ መጠበቅ ሰለቸውና ብዩን ኪሱ ከትቶ ሊጫወት ሄደ፤ ስለዚህ የኛ ሥርዓተ ፀሐይ ከዚያ በኋላ ያለ ጁፒተር ነው የቀጠለው። ሳተርን 226 ሜትር ላይ ቆመ። ለዩራነስ ሽምብራ ይዘን 454 ሜትር፣ ለኔፕቹን ሌላ ሽምብራ ይዘን 710 ሜትር፣ ባጃጅ ተራውን አልፈን ማለት ነው። ከዚያ ሆነው ዞር ሲሉ ኳሱ አይታይም። ባጃጅ ነጂዎቹ ምን ጠፋችሁ ብለው ሊያግዙን መጡ። እ.ኤ.አ. በ1977 የተነሣችውና እስከ ዛሬ እየራቀች ያለችው መንኮራኩር ቮየጀር 1 በዚህ ልክ ብትቀመጥ ከሱቄ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ትንሽ እንደሄዱ ማለት ነው። ከፀሐይ ቀጥላ ያለችው ቅርቧ ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ 6 ሺህ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትቀመጥ ነበር። ከአዲስ አበባ ለንደን በአየር 6 ሺህ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እነዚያ ልጆች አሁን ካርቶን ሲገዙኝ «እትዬ፣ ይሄ ውሸት ነው፤ ጁፒተር እዚህ አይደለም» ይሉኛል። ማርኩ ግን ካርቶኑ ላይ ስለሆነ ይገዛሉ።

ህዋን ለማስተማር ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። አንድ የመጥረጊያ እንጨት ይበቃል። እንጨቱን አንድ ሜትር አድርገን ቆርጠን፣ አሸዋ በሞላው ባልዲ ውስጥ ቀጥ አድርገን ተክለን፣ የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ አቆምነው። መጽሐፉ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል ይላል። እኛ አገር ግን ግማሽ እውነት ነው። በታኅሣሥ፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ርቃ በምትሄድበት በ12 አካባቢ፣ የአንድ ሜትር እንጨት የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን 63 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከዚያ እያጠረ እያጠረ ይመጣና ሚያዝያ 5 አካባቢ ይጠፋል። የለም! ፀሐይ ድፍን አናታችን ላይ ናት፤ ሰው የራሱን ጥላ ይረግጠዋል። ከዚያ ወዲህ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ሰኔ 14 አካባቢ ደቡብን ይዞ 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ነሐሴ 23 ወይም 24 ገደማ እንደገና ይጠፋል፤ ያኔ ግን ደመናውም ስላለ፣ ትምህርት ቤቱም ስለተዘጋ አልቆጥረውም። ለንደን ወይም ቤጂንግ ያለ ተማሪ ይህን ዕድሜ ልኩን ቢጠብቅ አገሩ ላይ አያየውም። የኛ ልጅ ደጁ ላይ አለለት፤ የነገረው ግን የለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ቀትር ስል 6 ሰዓት ማለቴ አይደለም። ሰዓታችን የተሞላው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ልክ ነው፤ አዲስ አበባ ግን 39 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሚቆጠር፣ በሚያዝያ ፀሐይ አናታችን ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው። መጀመሪያ ይህን ስናገር የሠፈሩ ሰው «ፀሐይ አርፍዳ ነው?» እያለ ቀልዶብኛል። ልጆቹ ግን ጥላውን በየአምስት ደቂቃው በጠመኔ ምልክት እያደረጉ የትኛው አጭር እንደሆነ ሲያዩ፣ የሰው ሰዓትና የፀሐይ ሰዓት ሁለት መሆኑን ያለ እኔ ንግግር ገባቸው።

በዚያው እንጨት የመሬትን ዙሪያ መለካት ይቻላል። ከ2 ሺህ 200 ዓመት በፊት እስክንድርያ የነበረው ግሪካዊው ሊቅ ኤራቶስቴንስ እንዲሁ አድርጎ ነው የለካት። ዓባያችን በሚያልፍባት በአስዋን ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት ቀን፣ እስክንድርያ ላይ ያለው ጥላ የክብን አንድ ሃምሳኛ ያህል ማዘንበሉን ለካና የሁለቱን ከተሞች ርቀት በ50 አበዛው። እኛስ? ሚያዝያ 5 ቀን የኛ ጥላ ሲጠፋ፣ መቐለ ላይ የተተከለ የአንድ ሜትር እንጨት በዚያው ቀን ቀትር 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ያ ማለት 4 ዲግሪ ተኩል ነው፤ የሙሉ ክብ አንድ ሰማንያኛ። ከአዲስ አበባ መቐለ በቀጥታ መስመር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 500 በ80 ሲበዛ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ የመሬት ዙሪያ ማለት ይኸው ነው። የሚያስፈልገው ሁለት እንጨት፣ ሁለት ማስመሪያ፣ አንድ የቴሌግራም መልእክት ነው። ለዚህ ስንት ከለር ፕሪንት እንደሚቀር ቁጠሩ።

ሌሊቱን የሚፈራ ወላጅ አለ፤ እኔም እናት ነኝና እረዳዋለሁ። ስለዚህ ነው ጥላውንና የቀን ጨረቃዋን ያስቀደምኩት፤ ሁለቱም በትምህርት ሰዓት የሚሠሩ ናቸው። ማታም ቢሆን እኩለ ሌሊት መጠበቅ የለበትም። በበጋ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ይጨልማል፤ ወላጅ ባለበት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ክረምቱን ተዉት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደመና ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ግን የኛን ሰማይ የመሰለ ሰማይ ማግኘት ከባድ ነው። የኛ ሰፈር ችግሩ የመንገድ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ይማረራል፤ እኔም ማሽኔ ስለሚቆም እማረራለሁ፤ ነገር ግን ያኔ ቀና ያለ ልጅ ፍኖተ ሐሊብን፣ ያንን ነጣ ያለ የከዋክብት ጎዳና፣ ያያል።

ከእኛ ሰፈር ወደ ሰሜን ሲያዩ እንጦጦ ተጋድሞ ይታያል። እዚያ ላይ፣ 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው የመስታወታቸው ስፋት አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ከተማው ወደ ተራራው እየወጣ በመሄዱ የአዲስ አበባ መብራት እነሱንም ያስቸግራቸዋል። ልጆቹን እዚያ መውሰድ ቢቻል ደስ ይላል፤ አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ተራ ተጠብቆ ነውና በየዓመቱ ለሁሉም አይደርስም። ከዚያው ተራራ በላይ ግን በነጻ የምትታይ ኮከብ አለች። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያላት ከፍታ ከቆማችሁበት ቦታ ኬክሮስ (ከምድር ወገብ በዲግሪ ካለው ርቀት) ጋር እኩል ነው፤ እኛ ጋ 9 ዲግሪ ገደማ። እጅን ዘርግቶ ጡጫ ቢጨብጡ ስፋቱ 10 ዲግሪ ያህል ነውና፣ ከአድማስ አንድ ጡጫ ከፍ ብላ፣ ከእንጦጦ ጫፍ ብዙም ሳትርቅ ትገኛለች። ደማቅ አይደለችም፤ ስሟ ከብርሃኗ ይበልጣል። እዚያው ቆሞ፣ በግንቦት ምሽት ደመናው ከፈቀደ፣ ዞር ብሎ በደቡብ በኩል የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ከዋክብት ማየት ይቻላል። ሁለቱንም ከአንድ ግቢ ማየት አውሮፓ ላለ ልጅ አይታሰብም።

ስለ ኮከብ ከተነሣ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያዋ የምትዞር አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ነበር። የኢትዮጵያ ድርሻ የሆነችው ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቷ አቦል ተባሉ። አቦል ቡናን አንድ ጊዜ ለመዞር 2 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ይፈጅባታል። ቡና ወደ 200 የሚጠጋ የብርሃን ዓመት (ብርሃን በዚያን ያህል ዓመት የሚጓዘውን ርቀት) ትርቃለች፤ ዛሬ ወደኛ የሚደርሰው ብርሃኗ ከዚያ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት ነው። በባዶ ዓይን አትታይም፤ ባይኖኩላር ትፈልጋለች። ካርቶን የሚገዙኝን ልጆች ጠይቄ ይህን የሰማ አንድም አላገኘሁም። እስቲ አስቡት፣ ስሙ የኛ የሆነ ሌላ ዓለም አለ፤ ልጆቻችን ግን በማርከር የሚጽፉት የኔፕቹንን ስም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። አንዱ ለመምህራን ነው። ለሶላር ሲስተም ካርቶን የሚሰጠውን ማርክ ለምልከታ ስጡት። ተማሪው ለአንድ ወር ጨረቃን በየቀኑ አይቶ ሰዓቷን፣ ቅርጿን፣ የታየችበትን አቅጣጫ በአንድ ሲናርላይን ላይ ያስፍር። ደመና ከሆነ «ደመና» ብሎ ይጻፍ፤ እሱም መረጃ ነው። አንዱ ከአንዱ ቢገለብጥ በደመናው ቀን ይያዛል። መምህሩ ራሱ ካላየ ማረም አይችልም፤ እሱ ነው ዋናው ጥቅሙ።

ሌላው ለእናንተ ነው። ጋዜጣችሁ የውጭ ምንዛሪ ያወጣል፣ የእግር ኳስ የደረጃ ሰንጠረዥ ያወጣል፣ የአየር ሁኔታም አንዳንዴ ያወጣል። ለሰማይ አንዲት ጥግ ስጡ። ብዙ ቦታ አትፈጅም። በዚህ ሳምንት ጨረቃ በስንት ሰዓት ትወጣለች፣ ከፕላኔቶች የትኛው በየትኛው አቅጣጫ በስንት ሰዓት ይታያል፣ ዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ በአዲስ አበባ ላይ የሚያልፍበት ቀንና ደቂቃ የቱ ነው። ጣቢያው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በ90 ደቂቃ አንድ ጊዜ መሬትን ይዞራል፤ ምሽት ላይ ወይም ሊነጋ ሲል ሳያብለጨልጭ በጸጥታ አቋርጦ ሲሄድ ያየ ልጅ አውሮፕላን መስሎት ነው የሚያልፈው። ውስጡ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2000 ጀምሮ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ጁፒተር በሚታይበት ሳምንት ደግሞ ባይኖኩላር ያለው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቢያይ በጎኑ የተደረደሩትን ጨረቃዎቹን ያገኛል፤ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 አራቱን ያየበት መሣሪያ ከዛሬ ጥሩ ባይኖኩላር አይሻልም። በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊት ተወርዋሪ ከዋክብት ይበረክታሉ፤ ብርድ ነው፣ ጋቢ ይዛችሁ ውጡ ብላችሁ ጻፉ።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሙሉ ግርዶሹ በሰሜን አፍሪካ፣ በግብጽ ሉክሶርና በሳዑዲ በኩል ያልፋል፤ እኛ ጋ በከፊል ነው፤ ደመናው ከፈቀደ። ሰኔ 14 ቀን 2012 በላሊበላ በኩል ያለፈው ቀለበታዊ ግርዶሽ ጊዜ ሰው በኤክስሬይ ፊልምና በጠቆረ መስታወት ፀሐይን ሊያይ ሲሞክር አይቻለሁ። ይህ ዓይን ያጠፋል፤ ፀሐይን ለማየት ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ካልሆነ በስተቀር ምንም አይሆንም። ያን እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር፣ ዛፉ ሥር በቅጠሎቹ መሐል የሚወድቀው ብርሃን ሁሉ ማጭድ ማጭድ ሆኖ መሬቱን ሞልቶት ነበር። አንዲት ጎረቤቴ ወንፊት ይዛ ወጣችና ያንኑ ግድግዳ ላይ አሳየችን። ካርቶን በስፒል በስቶ ብርሃኑን ወረቀት ላይ ማሳረፍም ይቻላል። ካርቶን መሸጥ ካለብኝ ያኔ ልሽጥ።

ጥጓን ካወጣችሁ በየሳምንቱ እየቆረጥኩ ሱቄ መስታወት ላይ እለጥፋታለሁ። ለክፍሉ ኮፒ የሚፈልግ መምህር ካለም ለእሷ ገንዘብ አልቀበልም። እስከዚያው አንድ ነገር አድርጉልኝ። ይህችን ደብዳቤ ስታወጡ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 6 ሰዓት ከ22 ላይ (የእነሱ ቀትር ከእኛ ትንሽ ይቀድማል) መቐለ ላይ የአንድ ሜትር እንጨት አቁሞ ጥላውን የሚለካልን ትምህርት ቤት ካለ፣ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ያሳውቀን። የኛ ባልዲና እንጨት ዝግጁ ነው።

አክባሪያችሁ
የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ፣ ከቱሉ ዲምቱ